ጽ/ቤት፣ ጳጉሜን እና በኮድ የሚፈጠር ፎልደር

የሰነድ ማከማቻ ሰርቨር ላይ ፎልደር በእጅ መፍጠር የሚያዋጣው ፎልደሩ ጥቂት ሲሆን ብቻ ነው። እስኪ የሰሜን ሸዋን ወረዳዎች አስቡ። ባሶና ወራና፣ አንጎለላና ጠራ፣ አንኮበር፣ ጣርማበር፣ ቀወት፣ ኤፍራታና ግድም፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ መርሐቤቴ፣ ሞረትና ጅሩ፣ ከዚያ መንዞቹ በሙሉ፤ ገና ብዙ ይቀራል። በየወረዳው የበጀት ዓመት አለ። በየዓመቱ ወር አለ። በየወሩ ደግሞ ገቢ ደብዳቤና ወጪ ደብዳቤ አለ። ለሒሳብ እንዲመች 20 ወረዳ ብቻ እንያዝ። 20 በ13 በ2 ሲባዛ ለአንድ ዓመት 520 ፎልደር ነው፣ የወረዳውን፣ የዓመቱንና የወሩን ፎልደር ራሱን ሳንቆጥር። (13 ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ እመጣበታለሁ።) ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ራይት ክሊክ እያደረገ ሲፈጥር ይደክመዋል፤ ሲደክመው አንዱን ወር ይዘላል ወይም አንዱን ስም ያሳስታል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ያለቦታው ይገባል።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደብዳቤ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ የጠፋ ነገር የለም፤ ያለቦታው ነው የተቀመጠው። ከመንዝ ገጠር ተነስቶ ደብረ ብርሃን የመጣ ባለጉዳይ «ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» ሲባል ማደሪያ መፈለግ አለበት፤ በዚያ ብርድ። ለእኔ የፎልደር ነገር የሚጀምረው ከዚህ ሰው ነው። ስለ ፎልደር ይሄን ያህል የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የሰነድ ማከማቻ ስል ተራ ሃርድ ዲስክ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ሰነድና ፎልደር የራሱ መለያ፣ ባለቤትና ፈቃድ ያለው ሥርዓት ማለቴ ነው። አልፍሬስኮ አንዱ ነው፣ አፓቺ ጃክራቢት ሌላው። እነዚህን በኮድ የምናዛቸው በኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሌላውን በሚያዝበት በር በኩል ነው። ጃቫ ለሚጽፉ ሰዎች ጄሲአር የሚባል መስፈርት በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ሁለተኛው እትም በ2009 ተከተለ። ከጃቫ ውጭ ላለው ዓለምም የሚሆን ነገር ስላስፈለገ ኦኤሲስ የተባለው የመስፈርት ድርጅት በ2010 ሲኤምአይኤስ የሚባለውን የጋራ መስፈርት አጸደቀ። የመጀመሪያው እትም ኤክስኤምኤል የሚባለው ረዘም ያለ የመረጃ አጻጻፍ የበዛበት ስለነበር ለቀላል ሥራ ይከብድ ነበር፤ በ2013 የወጣው እትም 1.1 ቀለል ያለውን የመረጃ አጻጻፍ ጄሶንን ስላመጣ ከብሮውዘር ሳይቀር መጥራት ቀለለ። አልፍሬስኮ ከዚህ ሌላ እንደ ድረ ገጽ በአድራሻ የሚጠራ የራሱ ሬስት ኤፒአይ አለው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፎልደር ለመፍጠር የምትጠየቁት ያው ነው። ወላጁ የቱ ነው? ስሙ ማን ይባላል? ዓይነቱስ ምንድን ነው? በአልፍሬስኮ ሬስት ኤፒአይ ከሆነ ወደ ወላጁ ፎልደር አድራሻ የፖስት («አዲስ ፍጠር» የሚል) ጥያቄ ትልካላችሁ፣ ስሙንና ዓይነቱን በጄሶን ታስገባላችሁ፣ ከተሳካ 201 የሚለውን የ«ተፈጥሯል» ቁጥር ይመልስና የአዲሱን ፎልደር መለያ ይሰጣችኋል። በሲኤምአይኤስም ያው ሦስቱን ነገር ነው የምትሰጡት። ጄሲአር ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፎልደሩን ጨምራችሁ ሴሽኑን (ከማከማቻው ጋር የከፈታችሁትን ግንኙነት) ሴቭ እስክታደርጉ ድረስ ማከማቻው ላይ ምንም አልተጻፈም።

እዚህ ድረስ ያለውን ኮድ ማንም በአንድ ከሰዓት ይጽፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መሃል ላይ ሲቆም የሚሆነው ነው። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ስክሪፕቱ፣ ማለትም ፎልደሮቹን የሚፈጥረው ኮድ፣ ቀወትን ጨርሶ ኤፍራታና ግድም ላይ ሲደርስ ግንኙነቱ ተቋረጠ እንበል። መብራት ሲመጣ ከየት እንጀምር? «የደረሰበትን መዝግቦ ከዚያ መቀጠል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ነው የምለው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው። ኮዱ ያለውን ሳይነካ የጎደለውን ብቻ የሚሞላ ሆኖ መጻፍ አለበት፣ ያኔ ስንት ጊዜ ቢሮጥ ውጤቱ አንድ ነው። ደግሞ አስቡት፣ ጥያቄያችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ፎልደሩ ከተፈጠረ በኋላ መልሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። በእናንተ መዝገብ «አልተፈጠረም» ይላል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ተፈጥሯል። የደረሰበትን የሚመዘግበው ዘዴ ይሄን አያውቅም።

ይሄን ለማድረግ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከሌለ መፍጠር ነው። ያስኬዳል፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይጥላችኋል። አንደኛ፣ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ከጠየቁ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ፣ ሁለቱም ሊፈጥሩ ይሄዳሉ፣ አንደኛው ስህተት ይመለስለታል፤ ኮዱ ያን ካልጠበቀ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። «አለ ወይ?» የሚለውን በወላጁ ሥር ያሉትን ሁሉ ዘርዝረው የሚፈትሹ ሰዎች አሉ። የአልፍሬስኮ ሬስት ኤፒአይ ካልነገራችሁት በስተቀር በአንድ ጊዜ የሚመልሰው 100 ብቻ ነው። የምትፈልጉት ፎልደር 101ኛ ከሆነ ኮዳችሁ «የለም» ብሎ ያምናል።

ስለዚህ ተቃራኒው ይሻላል። ሳትጠይቁ ለመፍጠር ሞክሩ። 201 ከመጣ ተፈጥሯል። 409 ከመጣ ግጭት አለ ማለት ነው፣ ያኔ በሙሉ መንገዱ ያንን ፎልደር ጠርታችሁ መለያውን ውሰዱና ቀጥሉ። ስትጠሩት ካጣችሁት ግን ግጭቱ ሌላ ነውና ኮዱ እዚያው ቆሞ ይጩኽ፣ እንዳያልፈው። ይሄን የምለው ሲኤምአይኤስ ላይ የስም ደንብ ጥሰት የሚባለው ስህተት ስሙ ተይዞ ሲገኝም፣ ስሙ ራሱ የማይፈቀድ ሲሆንም ሊመጣ ስለሚችል ነው። ስህተቱን እያዩ «አለ ማለት ነው» ብሎ ማለፍ ባዶ ቦታ ጥሎ መሄድ ነው።

አልፍሬስኮ ላይ «አውቶ ሪኔም» የሚባል አማራጭ አለ። ስሙ ከተያዘ መጨረሻው ላይ ቁጥር ጨምሮ ይፈጥራል። ለፎልደር በፍጹም አትክፈቱት! ለሚጫን ፋይል ምናልባት፣ ለፎልደር ግን አይሆንም። ስክሪፕቱ ሁለቴ ሲሮጥ «መርሐቤቴ» እና «መርሐቤቴ-1» ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ከሳምንት በኋላ ግማሹ ደብዳቤ አንዱ ውስጥ ግማሹ ሌላው ውስጥ ነው፣ እና ማንም ስህተት የሚል መልእክት አላየም።

አሁን ወደ ስም ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የውጭ አገር መመሪያዎች የማይነግሩት ነገር ይሄ ነው።

ጽ/ቤት። ት/ቤት። መ/ቤት። ወ/ሮ። ዶ/ር። አማርኛ ሲያሳጥር በእዝባር (/) ነው የሚያሳጥረው። ያቺ እዝባር ደግሞ በኮምፒውተር ዓለም የመንገድ መለያ ናት፣ ግራው ወላጅ ቀኙ ልጅ ማለት ነው። «የመሬት ጽ/ቤት» የሚለውን በስም ቦታ ከላካችሁት አልፍሬስኮ አይቀበለውም፤ ይሄ ደግ ነው፣ ስህተቱን ታያላችሁ። ነገር ግን አንጻራዊ መንገድ የሚባል ሌላ ቦታ አለ፣ መሃል ላይ የጎደሉትን ወላጅ ፎልደሮች ራሱ እየፈጠረ የሚሄድ፣ በጣም የሚመች ነገር። እዚያ ውስጥ ያንኑ ስም ካስገባችሁ ያለ ምንም ቅሬታ «የመሬት ጽ» የሚል ፎልደር ይፈጥርና በውስጡ «ቤት» የሚል ሌላ ይፈጥራል። ሦስት ጽሕፈት ቤቶች ካሏችሁ ሦስት ሙሉ ያልሆኑ ስሞችና ሦስት «ቤት» ታገኛላችሁ። እኔ የምመክረው «ጽሕፈት ቤት» ብሎ ዘርግቶ መጻፍ ነው። ቦታ አይጎድልም።

ቀንም እንዲሁ። «12/03/2016» ብሎ ፎልደር መሰየም የለመደ ሰው ብዙ ነው። በሰረዝ ይሁን፣ ዓመቱም ይቅደም። ከእዝባር ሌላ አልፍሬስኮ ሁለት ነጥብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ የእንግሊዝኛውን ጥቅስ ምልክትና መሰሎቻቸውን ይከለክላል፤ ስም በነጥብ ወይም በክፍት ቦታ እንዲያልቅም አይፈቅድም። የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» ግን ከፈረንጁ የተለየ ፊደል ስለሆነ ያልፋል። ቢያልፍም እኔ አልጠቀምበትም፤ ለዓይን ከሌላው ስለማይለይ በኋላ ፈላጊውን ያደክማል።

ከእዝባር የሚከፋው ግን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። መርሐቤቴ፣ መርሀቤቴ፣ መርሃቤቴ። አንጾኪያ፣ አንፆኪያ። ዓለም ከተማ፣ አለም ከተማ። መሐል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ። ለእኔና ለእናንተ እነዚህ አንድ ቦታ ናቸው፣ አውቶቡስ ተሳፍረን አንድ ቦታ ነው የምንወርደው። ለማከማቻው ግን እያንዳንዱ ሌላ ስም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፣ ፊደሎቻችን ናቸውና። ይሄ ማለት ግን ለመፍጠር ሞክሮ 409ን የሚጠብቀው ያ ሁሉ ጥንቃቄ በሐ እና በሀ መካከል ዋጋ የለውም። ግጭት የለም፣ 201 ይመጣል፣ ሁለት መርሐቤቴ ይኖራችኋል። አንድ ዓይነት የሆኑ አጻጻፎችን ወደ አንድ የሚያመጣው የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያድንም፣ እሱ ሞክሼ ፊደላትን አያዋህድም። ክፍት ቦታ ሲጨመርበት ደግሞ «ጣርማበር» እና «ጣርማ በር» ሌላ ጥንድ ይሆናሉ።

ምን ይሻላል? በመጀመሪያ ስምን ማንም በእጁ አይጻፍ። የወረዳዎቹ ስም በአንድ ዝርዝር ይቀመጥ፣ ኮዱም ሠራተኛውም ከዚያ ይምረጡ። አጻጻፉን የሚወስነው ፕሮግራመሩ መሆን የለበትም፤ የወረዳው ማኅተም ላይ እንዳለው ይሁን፣ በደብዳቤ የሚጸናው እሱ ነውና። ከዚያ ቀጥሎ ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁልፍ ይዘጋጅ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ይቀየራሉ፤ ሃ እና ሀ፣ ዓ እና አም አንድ ይደረጋሉ፤ ክፍት ቦታ ይወጣል። አዲስ ስም ሲመጣ ቁልፉ ቀድሞ ካለ ሰው እስኪያየው ይቆማል። ቁልፉን የፎልደሩ ንብረት አድርጋችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ፍለጋም ላይ ይጠቅማል። ግን እባካችሁ ቁልፉን ለሰው አታሳዩ። «መርሀቤቴ» ብሎ ለመርሐቤቴ ሰው ማሳየት ለኮዱ ምቾት ሲባል የአገሩን ስም ማበላሸት ነው።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ብቻ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የፋይል ስም ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ነው። ስለዚህ ሰነዱን አንድ ቀን ወደ ዲስክ ስታወጡት 85 ፊደል ላይ ያበቃል። የደብዳቤውን ርዕስ ሙሉውን የፎልደር ስም የሚያደርጉ መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ነው ይሄን የምለው።

አሁን 13። ለብዙ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ አንድ እናት አሉ። ከሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ የመጣ የፎልደር አቀማመጥ አብረን እያየን ነበር። እሳቸው ወሮቹን በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱና ቆሙ።

«ልጄ፣ ጳጉሜን የት ሄደች?»

«12 ወር አድርገውት ነው እትዬ። ምናልባት ነሐሴ ውስጥ ይገባል ብለው ይሆናል።»

«ጳጉሜን 3 የተጻፈ ደብዳቤ ነሐሴ ውስጥ ማን ይፈልገዋል?»

ማንም አይፈልገውም። ጳጉሜን 5 ቀን ትሁን፣ በየአራት ዓመቱ እንደ 2011 እና 2015 ደግሞ 6 ቀን ትሁን፣ በእነዚያ ቀናት ደብዳቤ ይወጣል፣ ይገባል። የራሷ ፎልደር ይገባታል።

የዓመቱም ነገር አለ። «2017» የሚል ፎልደር ብቻውን አይበቃም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ስለዚህ የ2017 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። ሐምሌ 2016 የተጻፈ ደብዳቤ የት ይግባ? የፎልደሩ ስም «በጀት ዓመት 2017» ከሆነ ጥያቄው የለም። «2017» ብቻ ከሆነ ሁለት ሠራተኞች ሁለት ቦታ ያስገቡታል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የወር ስም ብቻውን ደግሞ በቅደም ተከተል አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ በፊደል ገበታው ስለሚደረድር ሐምሌ፣ መስከረም፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ሰኔ እያለ ይሄዳል፤ ሐምሌ ከላይ መምጣቱ ከበጀት ዓመቱ ጋር በአጋጣሚ ገጠመ እንጂ አይረዳም። ከፊቱ ሁለት አሃዝ ቁጥር አድርጉ። በበጀት ዓመት ከሆነ 01-ሐምሌ፣ 02-ነሐሴ፣ 03-ጳጉሜን፣ 04-መስከረም፣ እያለ እስከ 13-ሰኔ። አንድ አሃዝ ከሆነ 10 ከ2 ቀድሞ ይመጣል።

ማከማቻው ራሱ የሚመዘግበው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ስካን ሲደረግ ኮዱ የወሩን ፎልደር ራሱ እንዲመርጥ ከፈለጋችሁ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ተጠቀሙ እንጂ ፋይሉ የተጫነበትን ቀን አትውሰዱ። መለወጫ ቀመሩንም ራሳችሁ አትጻፉት። የጃቫ መደበኛው የቀን ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፣ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ ግን ያውቀዋል፤ ጃቫስክሪፕትም በራሱ ማሳየት ይችላል። በእጅ የተጻፈ ቀመር አዘውትሮ የሚወድቀው ዘመን መለወጫ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ 12 ላይ በሚውልበት ዓመት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ብዙ አልልም። አልፍሬስኮ ላይ አዲስ ፎልደር ካልከለከላችሁት የወላጁን ፈቃድ ይወርሳል፣ ስለዚህ ፈቃዱን ወረዳው ላይ ስጡና ተዉት። 520 ፎልደር ላይ አንድ በአንድ ፈቃድ የሰጠ ሰው ሠራተኛ ሲቀየር 520 ቦታ መመለስ አለበት። ስክሪፕቱም የራሱ የተጠቃሚ ስም ይኑረው፣ በአድሚን አይሩጥ፤ «ይሄን ማን ፈጠረው?» ሲባል መልሱ ግልጽ እንዲሆን።

መለያውን ግን አደራ። ፎልደሩ ሲፈጠር የሚመለሰውን መለያ አስቀምጡት፣ ሌላ ሥርዓት ወደዚህ ፎልደር ሲያመለክት በመለያው እንጂ በስም መንገዱ አያመልክት። ወረዳ ይከፈላል፣ ይዋሃዳል፣ ስም ይስተካከላል። ፎልደሩ ስሙ ቢቀየር ወይም ቦታው ቢዛወር መለያው አይቀየርም፣ መንገዱ ግን ይቀየራል፤ በመንገዱ የተሳሰረው ሁሉ ያን ዕለት ይበጠሳል።

ሥራው ተጠናቀቀ የምለው ስክሪፕቱ ያለ ስህተት ሲያልቅ አይደለም። ወዲያው ደግሜ አስሮጠዋለሁ። ሁለተኛው ሩጫ አዲስ የፈጠረው 0 ማለት አለበት። አንድ እንኳ ከፈጠረ በሁለቱ ሩጫ መካከል የሆነ ስም ተለውጧል፣ ለምሳሌ ክፍት ቦታ ወይም ሌላ ሐ ገብቶበታል፣ እሱ ተፈልጎ ሳይገኝ ለመዝገብ ቤቱ አላስረክብም። ከዚያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከካቢኔው በዘፈቀደ አንድ ደብዳቤ አውጥተው ቦታውን ራሳቸው ይፈልጉለታል። ሳይጠይቁኝ ካገኙት ይሄዳል። ከጠየቁኝ የፎልደሩ ስም ይቀየራል፣ ዝርዝሩ ይስተካከላል፣ ስክሪፕቱም ከመጀመሪያው ይሮጣል።